በሁለተኛው አጋማሽ የሚጠፋ ዲኮደር

የእኛ ዲኮደር የጨዋታውን የመጀመሪያ አጋማሽ አንድም ቀን አጉድሎብን አያውቅም። የሚጠፋው ሁልጊዜ በሁለተኛው ነው። መጀመሪያ ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ ይሸራረፋል፣ ከዚያ ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆንና መሀሉ ላይ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። በዚያ ዓመት ያንን ጽሑፍ ያየሁትን ያህል የገዛ ፊቴን በመስታወት አላየሁም።

ቤታችን መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ ነው። የምንኖረው ሁለት ነን፣ እኔና አባቴ። አባቴ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ጉልበቱንም ወጣትነቱንም የጨረሰው በአሰብና በጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። እኔ ወረዳ ጽሕፈት ቤት መስኮት ላይ እሠራለሁ። በቀን ስንት ሰው «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ» ብዬ እንደምሸኝ እኔና ባለጉዳዮቹ እናውቃለን። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ ስለ ሰው ስልክ አነሳስ ሳማርር ራሴን ንጹሕ እንዳላስመስል ብዬ ነው።

ዲሹን ያስተከለችው እናቴ ናት። ታናሽ ወንድሜ ሦስተኛ ዓመት ላይ ምህንድስናውን ጥሎ በረኛ እሆናለሁ ብሎ ሲመጣ፣ አባቴ ሳሎን መሀል ቆሞ «እኔ ሠላሳ ዓመት መሪ የጨበጥኩት አንተ ኳስ እንድትጨብጥ ነው?» አለው። ከዚያ ቀን በኋላ አላናገረውም። እናቴ ለመነች፣ አለቀሰች፣ ሽማግሌ ላከች። አልሆን ሲላት ዘዴ ቀየረች። የወንድሜ ክለብ ጨዋታ የሚታየው በክፍያ ቻናል ነው ሲሏት ባለ ዲሽ ጠርታ ጣሪያው ላይ አስተከለች። አባትየው አንድ ቀን ልጁን ሜዳ ላይ ካየው ልቡ ይራራል የሚል ነበር ሐሳቧ።

ከዚያ ኪሮሿን አወጣች። በቤታችን ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ የለም፤ ሶፋው፣ ፍሪጁ፣ የውሃው ፔርሙዝ ሳይቀር ልብስ አለው። ዲኮደሩንም በስንዝሯ ለክታ፣ ግራና ቀኙን አጥብቆ የሚይዝ ወፍራም ነጭ ዳንቴል ሠራችለት። የሪሞቱን ምልክት እንዲቀበል ከፊቱ ትንሽ ቀዳዳ ተወችለት። «ልጄ እስኪሰለፍ ድረስ አቧራ እንዳይበላው» አለች። ያኔም ቢሆን አንዳንዴ ይጠፋ ነበር። እሷ ግን እንደ እኔ አትበሳጭም፤ «ደክሞት ነው፣ ይረፍ» ትልና አጥፍታው ትነሳለች።

ወንድሜ ተጠባባቂ ነበር። እናቴ በሁለት ዓመት ውስጥ ያየችው ወንበር ላይ ተቀምጦ ካሜራው ውልብ ሲያደርገው ብቻ ነው። ሲጫወት ሳታየው ሞተች። ለቀብሯ መጣ፣ ሦስቱንም ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ። አባቴ ከእሱ በቀር ለቅሶ ከመጣው ሰው ሁሉ ጋር ተነጋገረ። ያንን መቼም አልረሳለትም።

ከእሷ በኋላ ጨዋታ የማየቱ ነገር ለእኔ ቀረ። አባቴ ኳስ ሲከፈት ተነስቶ መኝታ ቤቱ ይገባል። ዳንቴሉን በየሳምንቱ አጥቤ፣ ተኩሼ አለብሰዋለሁ። አባቴ ወደዚያ መደርደሪያ ዝር አይልም፤ የእሷን እጅ ሥራ ላለማየት ይመስለኝ ነበር።

ዲኮደሩ መጥፋቱን ሲያበዛው ወደ ደንበኞች አገልግሎት መደወል ጀመርኩ። ለአማርኛ አንድን ይጫኑ ይላል፤ እጫናለሁ። ጥሪዎን እያስተናገድን ነው ይላል፣ ከዚያ አንድ የክራር ዜማ ያመጣና እሱኑ ደጋግሞ ያሰማኛል። በመጨረሻ አንዷ ታነሳለች። «ሶኬቱን ነቅለው አምስት ደቂቃ ከጠበቁ በኋላ መልሰው ይሰኩት» ትላለች። እነቅላለሁ፣ እሰካለሁ፣ ይሠራል፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መልሶ ይጠፋል። እንደገና ስደውል ሌላዋ ታነሳና ከስሜ ትጀምራለች።

አንዴ አንዷ ለስለስ ባለ ድምፅ «ዲኮደሩ አየር የሚያገኝ ቦታ ላይ ነው የተቀመጠው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ሳሎን ነው ያለው፤ ሣጥን ውስጥ የቆለፍኩበት መሰለሽ እንዴ?» አልኳት። ባለሙያ እንልካለን አለችኝ።

ባለሙያው እዚሁ ቅርብ ካለው ከለቡ ነው የሚመጣው፤ ዛሬ ሲባል ነገ፣ ጠዋት ሲባል ማታ። እሱ ይመጣል በተባለ ቁጥር ዳንቴሉን አንስቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣለሁ። የጣሪያ ዝገት በነካ እጅ የእናቴ ሥራ እንዲነካ አልፈልግም። መጀመሪያ ሲመጣ የዲሹ ሳህን ፊት ያለችውን የምልክት መቀበያ ዓይን ቀየረ። ሁለተኛ ሲመጣ ገመዱን ቀየረ። በሦስተኛው ጣሪያው ላይ ቆሞ ግራ ቀኝ ተመለከተና «ጎረቤታችሁ ያስነሳው ፎቅ ነው የጋረደው» አለኝ።

«ታዲያ ፎቁ በመጀመሪያው አጋማሽ የት ይሄዳል?» አልኩት። መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ።

ዲኮደሩን በዘንቢል ይዤ በሁለት ታክሲ ቅርንጫፋቸው ድረስም ወስጄዋለሁ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሰክተው አሳዩኝ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያለ ምንም እንከን ሠራ። ልጁ «ይሠራል እኮ እህቴ» አለኝ፣ ጉዳይ ያበዛች ሰው እንደሚታየው እያየኝ። እኔም በመስኮቴ ሰው እንደዚያ አይቼ አውቃለሁ። ተናድጄ ወጣሁ፣ ቤት ገብቼ ሰካሁት፣ ዳንቴሉን አለበስኩት።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በፊት ወንድሜ ቢሮ ደወለልኝ። ድምፁ ተቀይሮ ነበር። «ዋናው በረኛ ጣቱን ተጎድቷል። እሑድ እኔ ነኝ የምገባው» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው እሱ ይመለሳል። የእኔ ውል ደግሞ ዘንድሮ ያልቃል። ለአባዬ ትነግሪዋለሽ?»

ማታ ራት አቅርቤ ነገርኩት። እሑድ፣ ሐዋሳ ላይ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ እሱ ነው የሚቆመው አልኩት። አባቴ ጉርሻውን አላምጦ ጨረሰ፣ ውሃ ጠጣ። ወደ መኝታ ቤቱ ሊገባ ሲነሳ በሩ ላይ ቆም ብሎ «በስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።

በአራት ዓመት ውስጥ ስለ ወንድሜ ያነሳት የመጀመሪያ ጥያቄ ናት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያሳሰበኝ ዲኮደሩ ብቻ ነበር። ቢጠፋ አባቴ ተነስቶ ይገባል፤ ሁለተኛ ደግሞ የሚያየው ጨዋታ የለም።

ቅዳሜ ገና በማለዳ ደወልኩ። «አሁን ይሠራል?» አለችኝ ያነሳችው።

«አሁን ይሠራል። የሚጠፋው ነገ ነው።»

«አሁን እየሠራ ከሆነ ብልሽት ብዬ መመዝገብ አልችልም፤ ሲጠፋ ይደውሉልን።»

«ሲጠፋማ አልቋል እኮ፣ የእኔ እህት።» ይቅርታ ጠይቃ ዘጋችው።

እሑድ እንደ በዓል ነበር የተዘጋጀሁት። ሳሎኑን ወለወልኩ። ዳንቴሉን አጥቤ እስኪደርቅ ተኩሼ፣ ለዕለቱ ክብር አጥብቄ አለበስኩት። እንዳያዋርደኝ ብዬ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ገመዱንና ሶኬቱን እየተመላለስኩ አይ ነበር፤ የከፈትኩት ጨዋታው ሊጀመር ሲል ነው። መብራት እንዳይጠፋም ጸለይኩ። ለዲሽ የጸለየ ሰው ካለ እኔ ነኝ።

አስር ሰዓት ሊሆን ሲል አባቴ ኮቱን ለብሶ ወጣ። ጢሙን ተላጭቷል። የራሱን ወንበር ትቶ እናቴ ትቀመጥበት የነበረው ላይ ተቀመጠ። ተጫዋቾቹ ተሰልፈው ሲወጡ ካሜራው አንድ በአንድ እያሳየ ወንድሜ ላይ ደረሰ።

«ከስቷል» አለ አባቴ።

የመጀመሪያው አጋማሽ ዜሮ ለዜሮ አለቀ። ወንድሜ ሁለት ኳስ ይዟል፣ አንዷን አስመልጦ ተከላካይ አውጥቶለታል። ያቺ ኳስ ስታመልጠው አባቴ ወንበሩን ጨብጦ ነበር፤ አየሁት። በእረፍቱ ሻይ አቀረብኩለት፣ አልነካውም።

ሁለተኛው አጋማሽ ከተጀመረ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ የእኛዎቹ ተከላካይ ሰው ጣለ፤ ዳኛው ወደ ነጥቡ ጠቆመ። ፍጹም ቅጣት ምት። ወንድሜ መስመሩ ላይ ቆመ፣ ጓንቱን አጠባበቀ። መቺው ኳሷን አስቀምጦ ወደ ኋላ ሄደ። ሥዕሉ ተንቀጠቀጠ። የወንድሜ ፊት በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ተሸራረፈ። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ።

አባቴ ዞሮ አየኝ። ስልኬን አነሳሁ። አንድን ተጫንኩ። የክራሩ ዜማ መጣ። ቆሜ፣ ተቀምጬ፣ ሪሞቱን ደጋግሜ ተጫንኩ። ልጅቷ ስታነሳ «እንደምን ዋሉ፣ ማንን ላናግር?» አለችኝ።

«ስሜን ተዪው። አራት ዓመት የጠበቅነው ነገር አሁን አልፏል፤ አንቺ ደግሞ ስም ትጠይቂኛለሽ። ትናንት ይጠፋል ብዬሽ ነበር» አልኳት። ትናንት ያነጋገርኳት እሷ ትሁን አትሁን አላውቅም። ልጅቷ እርስዎ እያለች፣ እኔ አንቺ እያልኩ ቀጠልን። ባለሙያ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ይደርሳል አለችኝ። ያልኳትን እዚህ መድገም አልፈልግም።

ይህን ጊዜ አባቴ ተነስቷል። ጉልበቱን እየደገፈ ወደ መደርደሪያው ሄደና እጁን ዳንቴሉ ላይ አደረገ። ወዲያው እጁን አነሳ።

«ነይ እስቲ» አለኝ። «እጅሽን አድርጊበት።»

አደረግሁ። እንደ ካውያ ይፋጃል።

«ይሄ ላዩ ላይ ሁልጊዜ አለ?»

«ሁልጊዜ።»

«ሰውዬው ሊሠራ ሲመጣስ?»

«ያኔማ አነሳዋለሁ።»

«ሱቃቸው ስትወስጂውስ?»

ያቺ ለስላሳ ድምፅ ያላት ልጅ ስለ አየር የጠየቀችኝ ትዝ አለችኝ፤ እናቴም «ደክሞት ነው» ስትል ታወሰችኝ። አፍሬ ነበር፣ ከማፈሬም በላይ ልቤ ተሰበረ፤ ዕቃው የሚታፈነው ለዚያች ቀን እንዲቆይ በተሠራለት ልብስ ነበር።

«ደንበኛችን፣ መስመር ላይ አሉ?» አለች ልጅቷ ከጆሮዬ ሥር።

«አለሁ። ጥፋቱ የእኛ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ምንም አይደል። ሌላ የምረዳዎት ነገር ይኖራል?» አለችኝ። ዘጋሁት።

አባቴ ዳንቴሉን ከላይ ይዞ ቀስ ብሎ፣ ክሩ እንዳይመዘዝ እየተጠነቀቀ አወለቀው። እሷ ከሞተች ጀምሮ ሲነካው ያን ቀን ገና አየሁት። ሶኬቱን ነቀለ። ከዚያ ዳንቴሉን በሁለት እጁ ዘርግቶ ዲኮደሩን ያራግብለት ጀመር፣ ከሰል እንደሚያቀጣጥል ሰው።

«አሁን ልሰካው?» አልኩት።

«ቆይ።»

«አባዬ፣ ጨዋታው እኮ እያለቀ ነው።»

«ሚሌ በረሃ ላይ ሞተር ሲሞቅብኝ ኮፈኑን ከፍቼ እቀመጣለሁ። ጭነቱ ቢቸኩልም፣ ባለንብረቱ ቢሳደብም እቀመጣለሁ። ቆይ አልኩሽ።»

እንደዚያ የረዘመ አስር ደቂቃ አላውቅም። እኔ ሶኬቱን ይዤ ቆሜያለሁ፤ አባቴ ያራግባል። የአቦ ድምፅ ማጉያ ከውጭ ይሰማል። ሐዋሳ ላይ ኳሷ ገብታ ይሁን ወጥታ አናውቅም። በመጨረሻ በእጁ ጀርባ ነካካውና «ስኪው» አለ።

ሰካሁት። ዲኮደሩ ሲነሳ ስክሪኑ ላይ የሚቆጥረው ቁጥር ከአንድ ጀምሮ እየተንፏቀቀ መቶ ደረሰ። ሥዕሉ መጣ። አባቴ መነጽሩን ከፍ አድርጎ የስክሪኑን ጥግ አየ።

«ስንት ይላል?»

«ዜሮ ለዜሮ።»

«አልገባችም ማለት ነው?»

«አልገባችም፣ አባዬ።»

የቀሩትን ደቂቃዎች ቆሞ ጨረሳቸው። ፊሽካው ሲነፋ ጓደኞቹ ሮጠው ወንድሜን ከበቡት። መለያውን ይጎትቱታል፣ ራሱን ይመቱታል። ቅጣት ምቷን ደግመው ያሳዩናል ብለን ጠበቅን፤ ማስታወቂያ ገባ።

አባቴ ተቀመጠ። ዳንቴሉ እጁ ላይ ነበር። «ደውዪለት» አለኝ።

ወንድሜ በሦስተኛው ሙከራ አነሳ። ከኋላው ሰው ይዘፍናል። ሃሎ እንኳን ሳልል «አባዬ አየው? ያዳንኳትን አየው?» አለኝ። አየ ብለው ውሸት ነው፤ አላየም ብለው ደግሞ ምን ይውጠዋል። አባቴ እጁን ዘረጋ።

ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ።

«እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ፣ «አላየሁትም። እናትህ ያለበሰችውን ሳናወልቅለት ዲኮደሩ ሞቆ ጠፋብን።» ዳንቴሉን ወደ ራሱ ሰበሰበ። «በል እስቲ አንተ ንገረኝ። በየት በኩል መታት?»

ወንድሜ መናገር ጀመረ። አባቴ ዳንቴሉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጠርዙን በጣቱ እየተከተለ ያዳምጠዋል። ሁለት ጊዜ «ቆይ፣ ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለው።