ዳኛውን ተሸክሞ ማስገባት

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት በቀበሌያችን አዳራሽ የነበርነው እነዚህ ነን። የፍርድ ሸንጎው ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡት መምህር፤ ሁለተኛዋ ዳኛ፣ ከጎጆ ከተማ ገብስ እያስመጡ የሚሸጡት ሴት፤ ሦስተኛው ዳኛ፣ ልብስ ሰፊው፤ ከሳሽ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ጎመን የሚተክሉት ባልቴት፤ ተከሳሽ፣ ባለጋሪው፤ በሩ ላይ የቀበሌው ዘበኛ፤ ጥግ ላይ ደግሞ እኔ፣ የሸንጎው ጸሐፊ። ሌላም ሰው ነበር የሚል ካለ መስኮቱ ሥር ቆሞ ሲሰማ የነበረ ይሆናል እንጂ ውስጥ አልነበረም።

አዳራሹ በአምቦ ድንጋይ የተሠራ ነው። ያሠሩት ሰዎች ከመንገዱ ከፍ ብሎ እንዲታይላቸው ፈልገው ፊቱን በሰፊ ደረጃ አስጊጠውታል። የደረጃዎቹ ቁመት እኩል ስላልሆነ ደህና እግር ያለው ሰው እንኳ ሳይደናቀፍ አይወጣውም። ልብስ ሰፊው ደግሞ ከልጅነታቸው ጀምሮ እግራቸው አይታዘዝላቸውም። የሚሄዱት ኩሽኔታ በተገጠመላት ጣውላ ላይ ተቀምጠው፣ በሁለት እጃቸው በያዟቸው የእንጨት መግፊያዎች መሬቱን እየገፉ ነው። በዚህ ዓይነት ከሱቃቸው በረንዳ ተነስተው ሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ድረስ ማንም ሳይነካቸው ደርሰው ይመለሳሉ። አዳራሹ ደረጃ ሥር ሲደርሱ ግን ነገሩ ያበቃል።

እዚያ ሲደርሱ የቀረበው ሰው "ኧረ እኛ እያለን!" ብሎ ይሮጣል፤ ሳያስፈቅድ ብብታቸው ውስጥ እጁን ያስገባና ያነሳቸዋል። ዳኛ ሆነው ሲመረጡ ለሸንጎው የሚለብሱት ኮት ለራሳቸው ሰፍተው ነበር፤ መሬት እንዳይጠርግ ከታች አጠር አድርገውታል። በየቅዳሜው ያ ኮት አንገታቸው ድረስ ተሰብስቦ ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ። ኮታቸውን እያስተካከሉ ፍርድ ይጀምራሉ።

የዚያን ቀን የሮጠው ባለጋሪው ነበር። ተከሳሹ ማለት ነው።

ክሱ ቀላል ነው። ፈረሱ አጥር ጥሶ ገብቶ የባልቴቷን ጎመን በልቷል። ሦስቱም ዳኞች ተስማምተው ባለጋሪው አጥሩን መልሶ እንዲያጥር ወሰኑ። ባለጋሪው ውሳኔው ሲነበብ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነበር የሚያየው።

"ኦቦ ዳኛ፣ አሁን በዚህ ክንዴ አይደል ያስገባሁህ?" አለ።

እስከዚያች ሰዓት "እርስዎ" ነበር የሚላቸው። ባልቴቷ ሲወጡ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ባለጋሪው ዳኛውን ሲሸከማቸው ባዩ ጊዜ ከጎመናቸው ተስፋ ቆርጠው እንደነበር ነገሩኝ። ሰው ሁሉ እስኪሄድ ልብስ ሰፊው ወንበራቸው ላይ ቆዩ። ከዚያ በእጃቸው እየተደገፉ፣ ከነኮታቸው፣ ደረጃውን አንድ በአንድ ወረዱ። እኔ ጣውላቸውን ይዤ ከኋላ ተከተልኩ።

ሰኞ ሱቃቸው ሄድኩ። በረንዳው ላይ ሱሪ እየጠቀሙ ነበር።

"ብፈርድለት ኖሮ ስለተሸከመው ነው ይባል ነበር። ብፈርድበት ውለታ ቢስ ተባልኩ። ስለ ጎመኑ ማን አወራ?" አሉኝ። መርፌውን ሱሪው ላይ ሰክተው፣ "በራሴ የምገባበት ካልተገኘ ሌላ ሰው ምረጡ" አሉ።

ኮቱ ከኋላቸው ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር። ወንበሩን እንዳልጠሉት አውቃለሁ።

ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር ሄድኩ። "ጓድ፣ ክንድ ጠፍቶ ነው?" አለኝና ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጠርቶ ከእንግዲህ ዳኛውን እያነሱ እንዲያስገቡ አዘዘ። ነገሩን የጨረሰው መስሎታል። ይህን ለልብስ ሰፊው ስነግራቸው ዓይናቸውን ከመርፌው ሳያነሱ፣ ነገ ቀበሌው ራሱ የተከሰሰ እንደሆነስ ብለው ጠየቁኝ። ያቺን ጥያቄ ለሊቀመንበሩ አላደረስኩም።

ስብሰባ ተጠራ። የተናገረው ሁሉ ዳኛውን መሸከም ክብር እንደሆነ ተናገረ። አንዱ እኔ እሸከማለሁ ሲል ሌላው ተነስቶ ቤቴ ይቀርባል አለ፤ ስለ ጉልበታቸው ሲያወሩ ዋሉ፤ ስለ ደረጃው የተናገረ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ መምህሩ ነገሩን መልሰው ደረጃ የሌለው መውጫ እንዲሠራ አስወሰኑ። ተጨበጨበ። ከጭብጨባው በኋላ ሲሚንቶ ያስፈልጋል ተባለ፤ ለሲሚንቶ የአውራጃው ፈቃድ ያስፈልጋል ተባለ፤ ፈቃዱ ሲጠበቅ ሳምንት በሳምንት ላይ ተደረበ። ድንጋይና ጭቃ ይበቃል ብዬ ነበር። ቀስ ብዬ ስለምናገር ይሆናል፣ ማንም አልሰማኝም።

ሲሚንቶው እንደማይመጣ ሲታወቅ አንድ እሑድ በልማት ሥራ፣ በዚያው እኔ ባልኩት በድንጋይና በጭቃ፣ መውጫው ተሠራ። እኔ ቀደም ብዬ ልብስ ሰፊው ያለ ችግር የሚወጡትን የሱቃቸውን ዳገት በጣውላና በግማሽ ውሃ በተሞላ ጠርሙስ ለክቼ፣ መውጫው ምን ያህል መርዘም እንዳለበት ለሚሠሩት ሰዎች አሳይቻቸው ነበር። "ጓድ ጸሐፊ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ እኮ አይደለም የምንሠራው" አሉኝ። ደግሞ ከደረጃው ፊት ለፊት ሰንደቅ ዓላማው የሚሰቀልበት እንጨት አለ፤ ዙሪያውን ቀለም የተቀቡ ድንጋዮች ተደርድረዋል። እነዚያን ድንጋዮች ማንሳት አይቻልም። ስለዚህ መውጫው እነሱ ጋ ሳይደርስ እንዲያልቅ ተደረገና እንደ ጣሪያ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ልብስ ሰፊው ኮታቸውን ለብሰው ለምረቃው መጡ። ሽቅብ ብዙ አዩት።

"ለፍየል ጥሩ ነው" አሉ።

ሊቀመንበሩ ቅር ብሎት አንድ ሰው ከኋላ ቢገፋዎትስ አላቸው። የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። ይህ ሁሉ የተደከመው ሰው እንዳይነካቸው አልነበረም እንዴ? ልብስ ሰፊው ጣውላቸውን አዙረው ሄዱ። የሰፈሩ ፍየሎች በእውነትም መውጫውን ወደዱት፤ ዘበኛው ጠዋት ጠዋት ከበሩ ላይ ሲያባርር ይታይ ነበር።

ሸንጎው ያለ ሦስተኛ ዳኛ መቀመጥ ስለማይችል ጉዳዮች ተከማቹ። ከነዚያ አንዱ የባለጋሪው ነበር። ፈረሱ እያነከሰ ቤት ገባ፤ ባልቴቷ በድንጋይ መትተውታል ብሎ ከሰሰ። በየቅዳሜው እየመጣ ይመለሳል። አንድ ቀን ዘበኛው ነገሩን ነገረው፤ ዳኛው ሰው አይሸከመኝም ያሉት በአንተ ምላስ ነው አለው። ባለጋሪው ሄደ። በማግስቱ ሌላ ፈረስ ተውሶ ጋሪው ላይ ጠምዶ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጭኖ መጥቶ ከአዳራሹ ጎን አራገፈ።

ደስ ብሎኝ ወደ ልብስ ሰፊው ሮጥኩ። እሳቸው ግን፣ "የእሱን ድንጋይ ረግጬ ገብቼ የእሱን ክስ ልይ?" አሉኝ።

በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ። ትክክል መሆናቸው ነው ያናደደኝ። አንዲት ትንሽ ዳገት ይህን ያህል ሰው የምታሰለች አይመስለኝም ነበር። የያዙትን ሱሪ ጠቅመው ጨርሰው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና፣ "ለባልቴቷም ንገራቸው። ሁለቱም ከሠሩት የማንም ውለታ የለብኝም" አሉ።

ባልቴቷ መጀመሪያ ጮኹብኝ። ጎመናቸውን በፈረስ አስበልተው አሁን ደግሞ ለዳኛ ጭቃ ሊያቦኩ ነው ወይ አሉ። ነገር ግን ፈረስ ሰባሪ መባሉ አንገብግቧቸው ነበርና ክሱ ቶሎ እንዲታይላቸው ጭድ ተሸክመው መጡ። ሰንደቅ ዓላማው አካባቢ እስካልተነካ ድረስ ሊቀመንበሩም አልከለከለም። አዲሱን መውጫ በጎን በኩል፣ ከግድግዳው አስጠግተን ረጅም አድርገን ሠራነው። ሁለቱ ተቀራርበው እየሠሩ አይነጋገሩም፤ እሱ "ጭቃው ቀጥኗል በላት" ይለኛል፣ እሳቸው "ድንጋዩ ተንጋዷል በለው" ይሉኛል። እኔ በመሃል ጠርሙሴን ይዤ እቆማለሁ።

ቅዳሜ ልብስ ሰፊው ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። መሃል ላይ አንዴ አርፈው እንደገና ገፉ። ላይ ደርሰው አዳራሹ ደጃፍ ሊቆሙ ሲሉ ዘበኛው በአክብሮት ከውስጥ በሩን ከፈተላቸው። በሩ የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው። መታቸውና ጣውላቸው ወደ ኋላ ተንሸራተተች። መሬቱን ሁሉ ስለካ በሩን የለካሁት የለም፤ ያሰበውም ሰው አልነበረም። ያለነው ሁሉ እጃችንን ዘረጋን።

"ማንም እንዳይነካኝ" አሉ፤ መግፊያዎቻቸውን መሬት ላይ ተክለው ጣውላቸውን አቆሙ።

ባለጋሪው እያጉረመረመ በደረጃው ወጣ፣ በሩን ከማጠፊያው ነቅሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ልብስ ሰፊው ገቡ። ኮታቸው እንደተተኮሰ ነበር። በር የሌለው አዳራሽ ውስጥ ነፋስ እየገባ ክሱ ተሰማ። ባልቴቷ ድንጋይ መወርወራቸውን ራሳቸው አመኑ፤ ለማባረር ነው እንጂ ለመምታት አይደለም አሉ። ሁለቱ ዳኞች አመነቱ። ልብስ ሰፊው፣ ፈረሱ እስኪሽለው ባልቴቷ ሣር አጭደው ያቅርቡለት አሉ፤ ሌሎቹም ተስማሙ። ባልቴቷ ተቆጡ፤ ለፈረሱ እግር ምን እንደሚቀባ ሁሉም ሐሳብ ሰጠ፤ ክርክሩ ደጅ ድረስ ቀጠለ። ዳኛውን ማን እንዳስገባቸው ያነሳ ሰው አልነበረም።

ሲወጡ ባለጋሪው እንደ መጀመሪያው ቀን ጎንበስ ብሎ ክንዱን ዘረጋ። ልብስ ሰፊው አዩት። እሱም ቀና አለና፣ ዞሮ በሩን ለማንሳት ሄደ።

ያ በር በኋላ ወደ ውስጥ እንዲከፈት ተደርጎ ተገጠመ። የገጠመው ባለጋሪው ይሁን ዘበኛው፣ በስንተኛው ቀን እንደሆነም፣ እኔ አላየሁም፤ የጠየቅኳቸውም የተለያየ ነገር ነገሩኝ። የዚያን ቀን እዚያ የነበራችሁ፣ መስኮቱ ሥር የነበራችሁትም ጭምር፣ የምታውቁትን ጨምሩበት፤ የተሳሳትኩትንም አርሙኝ።