ዱላውን ለእህቱ ይስጥ

ትናንት ጠዋት ፀሐይ ልሞቅ ብወጣ፣ ከበሩ ኋላ የማስቀምጠው ቆልማማ ዱላዬ የለም። ለካ የልጅ ልጄ ቤዛ ግቢው ውስጥ በሁለት ብሎኬት ላይ አጋድማው በላዩ ትዘላለች። መሬቱን ገና ከመንካቷ እንደገና ብድግ!

«ምን ነክቶሽ ነው? እባብ አየሽ?» አልኋት።

«ፕላዮሜትሪክስ ነው፣ እምዬ። ለኳስ ፍጥነት ይሰጣል። ቅዳሜ ለከተማው ታዳጊ ሴቶች ቡድን ምርጫ አለ፤ አሰልጣኙ ደግሞ ስትነሺ ትዘገያለሽ ብሎኛል።»

«ስሙ ከዝላዩ ይረዝማል» ብዬ ሳቅሁ። ያ ዱላ ስንት ዝላይ እንዳየ እሷ የት አውቃ!

ያኔ ገጠር፣ ቁይ ከምትባል ከተማ አጠገብ ነበርን። እኔ ገና ያላገባሁ፣ ምላሴ ከእግሬ የሚቀድም ኮረዳ ነበርሁ። ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት በአንድ እግሬ ስነጥር የሚያህለኝ አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ ሙሉቀን ግን ቁመቱ እንደ ባሕር ዛፍ፣ አነሳሱ እንደ ጠገበ በሬ። አንዴ ከተነሳስ ማንም አይደርስበትም፤ እስኪነሳ ነው ጉዱ።

በእኛ አገር የገና ለት የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ጎረምሶች በቆልማማ ዱላ ሩር እየመቱ ይጋጠማሉ፤ ሩር ከእንጨት የተጠረበች ድቡልቡል ኳስ ናት። የተሸነፈ ወገን ዓመቱን ሙሉ በግጥም ሲሰደብ ይከርማል። አቤት ስድቡ! ታዲያ የሰፈራችን ተጫዋቾች አለቃ ተገኘ ሰው ሲመርጥ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ሙሉቀን ሩሯ ጋ እስኪደርስ እኛ ራት በልተን ተኝተናል። ዘንድሮ ዱላውን ለእህቱ ይስጥ!» አለ።

ሰዉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፣ ምን ልዋሽ። ወንድሜ ግን ያን ማታ እህል አልቀመሰም።

በማግስቱ ወደ አውድማ ወሰድሁት። ጤፉ ተወቅቶ ጭዱ ተከምሯል። «አያ ሙሉቀን፣ ከጭዱ ላይ ዝለል። አውድማውን የጋለ ምጣድ ነው በል፤ እንደ ነካኸው ወዲያው ተነስ።»

«አንች ደግሞ ማን አስተማሪ አደረገሽ?»

«ተገኘ ነዋ! ዱላውን ለእኔ አይደል ያለው?»

ሳቀና ዘለለ። መጀመሪያ እንደ ጤፍ ጆንያ ዱብ አለ። እየቆየ ግን ተረከዙ መሬት መንካት ተወ። ከዚያማ እልህ ያዘው። ጾመ ነቢያት ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የለም፤ እሱ ግን ከጠዋት ጀምሮ ይዘላል። አንድ ቀን ዓይኑ ጭልም አለበትና ጭዱ ውስጥ በግንባሩ ተተከለ። የሚታየው ቁምጣው ብቻ! እናታችን ሮጣ መጥታ በእግሩ ጎትታ አወጣችው።

«በባዶ ሆድ! ለገና ልትጫወት ነው ወይስ ለገና ልትቀበር?» አለችው።

ከዚያ ወዲያ ሕጉን እሷ አወጣች። ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ተልባ በእንጀራ ሳይበላ ዝላይ የለም። ጥቂት ዘሎ ያርፋል፤ ጉልበቱ ሲዝል ያቆማል። ቤዛ አሰልጣኟ «ጥቂት ዘለሽ እረፊ» እንደሚላት ስትነግረኝ የእናቴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።

የገና ለት ወንድሜ ሜዳው መሐል ገብቶ ተገኘን፣ «ሩሯን እዚያ አስቀምጥ። ከቀደምኸኝ ሄጄ ከሽማግሎቹ ጋር እቀመጣለሁ» አለው። ተነሱ ሲባል፣ ሙሉቀን እንደ ደነገጠች ቆቅ ቡር! ተገኘ ሲደርስ ሩሯ ወንዝ ማዶ ነበረች።

ቀኑን ሙሉ ተጫወተ። ማታ ላብ በላብ ሆኖ መጥቶ ዱላውን እቅፌ ላይ ጣለና፣ «እንች። ለእህቱ ይስጥ ተብሏል» አለኝ።

ይኼን እያሰብሁ ቤዛን «በልተሻል?» አልኋት።

«ጾም ነው እኮ፣ እምዬ!»

ዱላዬን ከብሎኬቱ ላይ አነሳሁት። «እንግዲያው ዱላውም ይጹም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ብዪና ዝለዪ።» እያጉረመረመች ገባች።

ቅዳሜ ትመረጥ አትመረጥ እንጃ። ወንድሜ ዛሬም ቁይ አለ፤ ከመቀመጫው ሲነሳ ተመልሶ እንደ ጠገበ በሬ ሆኗል፤ ስልክ እየደወልሁ እስቅበታለሁ። ግን ያን ለት እሱ ቀድሞ ሲነሳ ከሰዉ መሐል ከእሱ በላይ የዘለልሁት እኔ ነኝ፤ ያ ደስታ ዛሬም ከእግሬ አልወጣም። ቤዛ ስትገባ ግራ ቀኝ አየሁ። ማንም የለም። ዱላውን መሬት ላይ አስተኛሁና ዘለልሁት።

የተኛ ዱላም ቢሆን ዝላይ ዝላይ ነው። ደግሞ እኔ ቁርሴን በልቻለሁ፤ የአሮጊት ጾም በዕድሜ ይታሰባል።