ለሁለት ሰው የተሰጠው ግማሽ ቤት

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ። ሰው ፊት መቆም የሚያንቀጠቅጠኝ ሴት ነኝ፤ ግን ዛሬም ዝም ካልሁ ይቆጨኛል። ጌታ ያደረገልኝን ልናገር።

ፋብሪካ ሠራተኛ እንደሆንሁ ታውቃላችሁ። እኔና ባሌ አስራት እስራኤል ከገባን ስንት ዓመት በፈረቃ ለፍተን፣ ማሽካንታ የሚሉትን የቤት ብድር ከባንክ ወስደን፣ እዚሁ ቂርያት ጋት ከተማ ቤት ገዛን። እንደ ካርሜ ጋት ሰፈር ያለ አዲስ ፎቅ አይደለም፤ አሮጌ ነው፣ ባንድ ግድግዳ ለሁለት የተከፈለ፣ ሁለት በር ያለው። ባንደኛው ልንኖር፣ ሌላውን ልናከራይ። ያኔ ጌታን አላውቅም። በጉልበቴ ያገኘሁት ነው እል ነበር።

አሁን ጉዳችንን ስሙ። ለቤቱ ምርቃት እህቴ አልማዝ መጥታ "እናንተስ አለፈላችሁ" ስትለኝ ይሉኝታ ያዘኝና፣ ያኛውን ግማሽ አንቺ ግቢበት አልኋት። ለባሌ ሳልነግር። እሱም ለካ ያንኑ ግማሽ ለአጎቱ ልጅ ሰጥቶታል፤ ለእኔ ሳይነግር። ቃሌን አላጥፍም አለ። እኔም አላጥፍም አልሁ። ዘመድ ፊት ማን ይዋረድ? ሽማግሌ ገባ፣ አልሆነም። በመጨረሻ አስራት ፍራሹን ተሸክሞ ባዶው ግማሽ ገባ። የመጀመሪያው ተከራያችን የገዛ ባሌ ሆነ። አትሳቁ፣ እኔ አልቅሼበታለሁ።

አራት ወር ከግድግዳው ማዶ ሲያስል እየሰማሁ፣ "እግዜር ይማርህ" የምትል ቃል ካፌ አልወጣ አለች። ደም ግፊቴ ጨመረ። ቁፓት ሆሊም፣ ክሊኒኩ ስሄድ ሐኪሟ መድኃኒቱን ጻፈችልኝና ቤትሽ ሰላም ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በማግስቱ እህት ዘነበች፣ ይችው እዚህ የተቀመጠችው፣ ሥራ ላይ እጄን ይዛ ጸለየችልኝ። ስለ ጌታ ስትነግረኝ ስሸሻት የኖርሁ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ተሰበርሁ። "ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ኩራቴን ውሰድልኝ፣ ባሌን መልስልኝ" አልሁ። ልቤ አረፈ። ሃሌሉያ፣ ስሙ ይክበር!

ከሥራ ስወጣ ቀጥታ እህቴ ዘንድ ሄድሁ። ባሌን ሳላማክር ነው የሰጠሁሽ፣ ቃሌን አጥፌያለሁና ይቅር በይኝ አልኋት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

"ተመስገን! እኔስ እንዳይከፋሽ ነው እሺ ያልሁሽ። ልጆቼን ከትምህርት ቤታቸው አርቄ ወዴት ልወስዳቸው?"

ከዚያ በሄድሁበት እግሬ የባሌን በር አንኳኳሁ። "አስራት፣ ቤቱ ለአጎትህ ልጅ ይሁን፤ አንተ ብቻ ና" አልሁት። አንገቱን ደፋ።

"እሱማ ሌላ ቤት ከተከራየ ሁለት ወር ሆነው" አለኝ። "ምን ብዬ ልንገርሽ፣ አፍሬ ነው።"

ጌታ ይባረክ፣ ማንም ላልፈለገው ቤት ነው ትዳሬ ሊፈርስ የነበረ! ፍራሹን ባንድ ጫፍ እሱ፣ ባንድ ጫፍ እኔ ይዘን ተመለስን። ዛሬ ያንን ግማሽ ሁለት ሙሽሮች ተከራይተውታል፤ ውሉንም እኔና እሱ ተማክረን ፈርመናል። ግፊቴም ወርዷል። ተመስገን!

ወገኖቼ፣ በይሉኝታ የተዘጋባችሁ በር ካለ ጌታን ታመኑና ሂዱ፣ አንኳኩ። እኔ እንደተቆለፈብኝ ነበር የማስበው። አስራት ግን ያን ዕለት ምን አለኝ፣ "አንድ ቀን ትመጫለሽ ብዬ፣ አራት ወር ሙሉ ቆልፌው አላውቅም።"