ሚስ ቫሳንታ በቆሰበር ከመድረክ የወረዱበት ቀን

ሚስ ቫሳንታን የምታውቁ ሁሉ፣ የሰማሁትን እንዴት አድርጌ እንደምነግራችሁ ጠፍቶኛል። ሚስ ቫሳንታ አርፈዋል። ለዕረፍት አገራቸው ሕንድ፣ እናታቸው ቤት እንዳሉ፣ የጠዋት የዜማ ልምምዳቸውን ጨርሰው «ውሃ ስጡኝ» እንዳሉ ልባቸው ቆመ። ሐሙስ ዕለት በስልክ ሲስቁብኝ ነበር፤ «እንጅባራ ድንቹ ካለቀ አልመጣም» እያሉ። እሑድ የሥራ ባልደረባቸው መምህር ራጁ ደወሉልኝ። ድገሙልኝ አልኳቸው፤ ደገሙልኝ። ስልኩን ዘግቼ ሱቄ ውስጥ ምስር መስፈሬን ቀጠልኩ። ገዢዋ «አንቺ፣ ጣሳው ሞልቶ እየፈሰሰ እኮ ነው» ስትለኝ ነው የነቃሁት።

ስነቃ የመጣብኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህን ለእትዬ አንጓች ማን ይነግራቸዋል? እትዬ አንጓች በዘንገና ሐይቅ በኩል የሚኖሩ አሮጊት ገበሬ ናቸው። በገበያ ቀን ሱቄ ጎራ ብለው «ያቺ ልጄ መቼ ነው የምትመጣው?» ሳይሉ አይሄዱም። ልጄ የሚሏቸው ሚስ ቫሳንታን ነው። ነገሩን ለማታውቁት ላውጋችሁ።

ሚስ ቫሳንታ እንጅባራ፣ እኛ ቆሰበር የምንላት ከተማ መጥተው ኮሌጅ ሒሳብ ሲያስተምሩ የኖሩት እኔ ግቢ ተከራይተው ነው። ከሥራ ሲመለሱ በረንዳው ላይ ሰሌዳ አቁመው የሰፈሩን ተማሪዎች በነጻ ያስጠኑ ነበር። ያልገባው ተማሪ ሲያፍር «አንተ ምን አደረግህ፣ በደንብ ያላስረዳሁህ እኔ ነኝ» ይሉና እንደገና ይጀምሩለታል። ትምህርት ቤት ሳልገባ ፊደል የለቀምኩትን እኔንም «እህቴ፣ ወሬሽን ጻፊው። አፍሽ ሲደክመው ወረቀቱ ያወራልሻል» ያሉኝ እሳቸው ናቸው።

የአገራቸውን የጥንት ዜማ ካርናቲክ ይሉታል። እዚህ ከመጡ ጀምሮ በሰው ፊት ዘፍነው አያውቁም ነበር። በኋላ ኮሌጁ አዳራሹን ሲፈቅድላቸው እንቅልፍ አጡ። «ሰሚ ከሌለ ለግድግዳ መዝፈን ነው» ይሉኛል። እኔም ያገኘሁትን ሁሉ ጠራሁ፤ ለገበያ የመጡትን እትዬ አንጓችንና ጎረቤቶቻቸውንም ይዤ ሄድኩ።

አዳራሹ በተማሪ ሞልቷል። ሚስ ቫሳንታ አረንጓዴ ሐር ለብሰው መድረኩ ላይ ምንጣፍ አስነጥፈው እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። መምህር ራጁ በጎናቸው ሁለት ፊት ያለው ከበሮ ጭናቸው ላይ አጋደሙ። አንዲት ትንሽ ሳጥን እንደ ቀፎ ሳታቋርጥ ታንጎራጉራለች። ከዚያ ድምፃቸው ወጣ። ቃል የለውም፤ ይወጣል፣ ላይ ደርሶ ይንቀጠቀጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ቆይተው ቃል ያለውን ሲጀምሩ በቀኝ እጃቸው ጭናቸውን መታ፣ በጣታቸው ቆጠር፣ መዳፋቸውን ገልበጥ ያደርጋሉ።

እትዬ አንጓች ይህን ሲያዩ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቀዘቁ።

«ምነው እትዬ?» አልኳቸው።

«ሰው ሞቶባታል። ጭኗን ስትመታ አታዪም?»

«ኧረ እንዲህ ነው የሚዘፈነው።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ዝም በይ» ብለው ልቅሶ አወጡ። አብረዋቸው የመጡት ሴቶችም ነጠላ አዘቅዝቀው ተቀበሏቸው። ተማሪው ሳቀ። አንዱማ «እማማ፣ ንፍሮውስ የታል?» አለ። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ያን ያህል የጠበቁትን ቀን እኔ ባመጣኋቸው ሰዎች ተበላሸባቸው ብዬ። ዜማው ተቋረጠ፤ ከበሮውም ቆመ።

ሚስ ቫሳንታ ከመድረክ ወርደው ፊታችን ቆሙ።

«ማን ሞተብሽ ልጄ?» አሏቸው እትዬ አንጓች።

«ማንም አልሞተም እናቴ። ዜማው የደስታ ነው።»

«የደስታ ከሆነ ሆዴን ለምን አባባው?»

ሚስ ቫሳንታ ወደ ተማሪዎቹ ዞሩና «እናንተ ሰማችሁኝ፤ እሳቸው ግን ዜማው ውስጥ አብረውኝ ገቡ» አሉ። ምንጣፉን አስወርደው መሐላችን መሬት ላይ ተቀመጡ። የእትዬ አንጓችን እጅ ይዘው አመታቱንና አቆጣጠሩን አሳዩአቸው፤ ከዚያ እስኪመሽ ዘፈኑ። ንፍሮ የጠየቀው ልጅ ሳይቀር ጭኑን ይመታ ጀመር፤ እትዬ አንጓች «ፈጠንክ አንተ፣ ገና ነው» እያሉ ያርሙታል።

መርዶ በስልክ አይነገርምና ማክሰኞ በማለዳ ሁለት ጎረቤቶቼን ይዤ ዘንገና ወረድኩ። እትዬ አንጓች ገና ሲያዩን ቆመው ቀሩ። ነገርኳቸው። አላለቀሱም። እኔም እስካሁን አላለቀስኩም፤ ነገሩ ገና አልገባኝም። እትዬ አንጓች «እናት አላት?» አሉኝ።

«አሏት። ያረፉትም እሳቸው ቤት ነው።»

«አገናኚኝ።»

«በምን ቋንቋ ልታወሯቸው ነው እትዬ?»

«አገናኚኝ አልኩሽ።»

ኔትወርክ ፍለጋ ከሐይቁ በላይ ወጣን። ቁጥሩን መምህር ራጁን ጠይቄ ደወልኩ። እናትየው አነሱ። እትዬ አንጓች በአገራቸው ቋንቋ በአዊኛ ጀመሩ፤ እኔ እገሌ ነኝ አላሉም፣ ሰላምታም አልሰጡም። ለወዲያኛው ጆሮ የምትለየው «ቫሳንታ» የምትለዋ ብቻ ናት። ከወዲያ አንድ ያረጀ ድምፅ በማላውቀው ቋንቋ መለሰላቸው። አንዷ ስትናገር ሌላዋ ትጠብቃለች፤ አንዷ ስታቆም ሌላዋ ትቀጥላለች። የስልኬ ሒሳብ እስኪያልቅ እንዲሁ ሆኑ።

ሚስ ቫሳንታ፣ ለእርስዎ ልንገርዎ፤ እትዬ አንጓች ስልኩን ሲመልሱልኝ «እናቷ ደክሟታል፤ እህል አልቀመሰችም» አሉኝ። እንዴት እንዳወቁ አልጠየቅኳቸውም። በየገበያው ቀን እንድደውልላቸው አዘውኛል፤ እደውላለሁ። ስለ እናትዎ አያስቡ። ደህና ይሁኑ፣ እህቴ።