ትርንጎ ሐይቅ

ባለፈው ሳምንት እህቴ ካረፈው አባታችን የመፍቻ ሣጥን ሥር ያገኘችውን፣ ተጨማድዶ እንደገና የተዘረጋ ወረቀት አምጥታ ስትሰጠኝ የናፍታው ሽታ ገና ስላልለቀቀው ከዓይኔ በፊት አፍንጫዬ አወቀው። በስምንት ዓመቴ የሣልኩት ካርታ ነው። መሐሉ ላይ በሰማያዊ እርሳስ የቀባሁት ሐይቅ አለ፤ በላዩ «ትርንጎ» ይላል።

«ስሜ ከዚህ ነው የመጣው?» አለችኝ።

አዎ አልኳት። ውሸት አይደለም።

በ1940ዎቹ መጨረሻ አባቴ አሰብ ወደብ የጀልባ ሞተር መካኒክ ነበር። ቀትር ላይ የቆርቆሮው ጣሪያ ሲንጣጣ፣ የበርሜሉ ውሃ ሻይ ሊሆን ምንም ሳይቀረው፣ እርጥብ አንሶላ ለብሰን ወለሉ ላይ እንጋደምና በመርከብም በእግርም ስለማይደረስበት አገር ያወራልን ነበር። እዚያ ዓሦች ዛፍ ላይ ያድራሉ፣ ጨው የሚባል ነገር አይታወቅም፣ ሐይቁም ትርንጎ የምትባል ልጅ እንስራዋ ተሰብሮ የፈሰሰው ውሃ ነው። እኔ ነገር ካልተጣራ እንቅልፍ የማይወስደኝ ልጅ ስለነበርኩ ልጅቷ ምን እንደምትመስል ሳይቀር እነዘንዘዋለሁ፤ እሱም ሳያመነታ፣ ረጅም ናት፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፣ ከግራ ቅንድቧ በላይ የገብስ ፍሬ የምታህል ጠባሳ አለቻት ይለኛል። አንዱን ሲዘል እናቴ ዓይኗን እንደጨፈነች «ጠባሳዋን ረሳህ» ትለው ነበር።

እህቴ ስትወለድ እናቴ ስም አውጣላት አለችኝና ትርንጎ አልኩ። እሷ ስቃ ወደደችው፤ አባቴ ግን መፍቻ እንደጠፋበት ሰው ሣጥኑን ሲያተራምስ ቆየና በማግስቱ ሞተር ሊጠግን በጀልባ ዒድ ወደምትባለው የባሕር ዳርቻ መንደር ሄደ። በየወሩ ይሄድ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከዒድ የመጣች ጀልባ ሰው ስታወርድ ቆሜ ሳይ፣ አንዲት ረጅም ሴት ቀረበችኝ።

«የመካኒኩ የደምሴ ቤት የት ነው፣ ልጄ?»

ጠባሳዋን አየሁ። «ትርንጎ ነሽ?»

አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። «ማን ነገረህ?»

«ከሐይቁ ነው የመጣሽው?»

«ከዒድ ነው እንጂ። እዚያ ያለው ባሕር ነው።»

ምስጢር የምትጠብቅ መሰለኝ። እጇን ይዤ፣ መንገድ ላይ ላገኘሁት ባለሱቅ ሁሉ እያሳየኋት ቤት አደረስኳት። እናቴ ሕፃኗን እያጠበች ነበር።

«እማዬ፣ የሐይቋ ትርንጎ መጣች» አልኩ።

እናቴ ቀና ብላ የሴትዮዋን ቅንድብ አየች። ከዚያ «ግቢ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ» ብላ ውሃ ቀድታ ሰጠቻት።

«የደምሴ እህት ነሽ?» አለች ሴትዮዋ።

«ሚስቱ ነኝ።»

ሴትዮዋ ጣሳውን እንደያዘች ሕፃኗን ተመለከተች። «እሷስ፣ ማን ትባላለች?»

«እንዳንቺው።»

ውሃውን ሳትጠጣው አስቀምጣ ወጣች፤ በመጣችበት ጀልባ መመለሷን በኋላ ሰማሁ። አባቴ አብሮን ኖረ፤ ስለዚያ አገር ግን ዳግመኛ አላወራም፣ እኛም አልጠየቅነውም። እናቴ እስክታርፍ ድረስ ልጇን «ሚጢ» እንጂ በስሟ ጠርታት አታውቅም። ከዚያ ወዲህ የሐዋሳንም የዝዋይንም ሐይቅ አይቻለሁ፤ እንደዚያ እርጥብ አንሶላ ያቀዘቀዘኝ ግን የለም።

«ታዲያ እማዬ ለምን ሚጢ ትለኝ ነበር?» አለች እህቴ።

«ትንሽ ስለነበርሽ።»

ካርታውን መስታወት አስገብታ ልትሰቅለው ይዛው ሄደች። እኔ ሴትዮዋ የመጣች ዕለት ጨምድጄ ጥዬው ነበር፤ አባቴ አንስቶ፣ በእጁ አቃንቶ ያኖረው ለኔ ብሎ ይሁን ለዚያች ሴት፣ አሁን የምጠይቀው የለም።