እትዬ አስካለ ሳሎን የታየው ድራማ

ዛሬ ጠዋት የቴሌግራም ግሩፓችንን ስከፍት «ነፍስ ይማር» ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል።

እኛ ጋ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። የድሮ የቴሌቪዥን ድራማ ወዳጆች ነን፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት ድራማ ውስጥ ለሞተ ሰው እንኳ ነፍስ ይማር እንባባላለን። ደግሞ ዛሬ የትኛውን ገደሉት ብዬ እየሳቅኩ ወደ ላይ ስሄድ የእትዬ አስካለን ፎቶ አየሁት።

ጎሬ፣ ቤታቸው ደወልኩ። የእህታቸው ልጅ አነሳችና «አረፉ እኮ» አለችኝ። ያኔ ነው የገባኝ።

ለማታውቋቸው፣ እትዬ አስካለ ጎሬ ውስጥ ጡረታ የወጡ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ነበሩ። በዚያ ዘመን ሰፈሩ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው እሳቸው ቤት ብቻ ስለነበር እሑድ እሑድ ጎረቤቱ ሁሉ ሳሎናቸው ይሰበሰባል። ድራማው በአማርኛ ነው፤ ከተመልካቹ ግማሹ አማርኛ አይሰማም። ስለዚህ እትዬ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመው እያንዳንዱን ንግግር በኦሮምኛ ያደርሱታል። ተዋናዩ ሲቆጣ ተቆጥተው፣ ሲለማመጥ ተለማምጠው።

ለዚህ ነው ሌላው የረሳውን ሁሉ የሚያስታውሱት። ካሴቱ በጠፋ ድራማ ላይ ክርክር ሲነሳ ግሩፑ የሳቸውን ድምፅ ይጠብቃል። ድምፁ ሁሌም የሚጀምረው በአንድ ቃል ነው፦ «ቆዩ፣ መጀመሪያ ሰዎቹን ላስቀምጥ።»

የድራማውን ሰዎች አይደለም፤ ጎረቤቶቻቸውን ነው። ማን ሶፋው ላይ፣ ማን በርጩማ ላይ፣ ማን ምንጣፉ ላይ እግሩን ዘርግቶ እንደነበር አንድ በአንድ ያስቀምጣሉ። ከዚያ ንግግሩ ራሱ ይመጣላቸዋል። አንዴ የሰው እግር ረግጠው ይቅርታ ሲሉ ያመለጣቸው ነገር ስላለ እሱን እንዳንጠይቃቸው ነግረውን በሳቅ ገደሉን።

ሁላችንም ለማየት የምንመኘው የሁለቱን እህትማማቾች ድራማ ነበር። ታናሽየዋ ባሕር ማዶ ትሄዳለች፣ ታላቅየዋ ትጠብቃለች። ካሴቱ የለም፤ ግሩፑ ውስጥ ያለነው ወይ ያኔ አልተወለድንም፣ ወይ ረስተናል። እትዬ ናቸው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተረኩልን። በሳቸው ትረካ መጨረሻ ላይ ደብዳቤ ይደርሳል፤ ታናሽየዋ እየመጣሁ ነው ትላለች፤ ታላቅየዋ በደስታ ታለቅሳለች።

እሳቸው ይሄን ሲተርኩልን እኔ ገና ተመርቄ ሥራ እየፈለግኩ ነበር። አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኝ ያዮ፣ ቡሬ፣ መቱ እየተመላለስኩ ድሮ ቪዲዮ ቤት የነበራቸውን ሰዎች ካሴት እለምን ጀመር። መቱ አንድ ሰውዬ ቤት፣ ሻጋታ የበላው ክምር መሃል፣ የድራማውን የመጨረሻ ክፍል አገኘሁ። ዴክ ተውሼ አጫወትኩትና ከቴሌቪዥኑ ላይ በስልኬ ቀረጽኩት።

ደብዳቤው የሚለው «አልመለስም፣ አትጠብቂኝ» ነው።

አንድ ደቂቃ እንኳ አላሰብኩም። ቪዲዮውን ግሩፑ ላይ ለቀቅኩና ከሥሩ «እትዬ አስካለ ተያዙ» ብዬ ጻፍኩ። ሳቁ ወረደ። አንዱማ ለካ እስከ ዛሬ የራሳቸውን ድራማ ነው የሚነግሩን አለ። እሳቸው «እርጅና ነው ልጄ» ብቻ ብለው ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው ግሩፑ ላይ ተሰምቶ አያውቅም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጎሬ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ነው ብዬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን እንዴት እንደተሳሳቱም ማወቅ ፈልጌያለሁ።

አልተሳሳቱም። ደብዳቤውን ቃል በቃል ያውቁታል።

ያን እሑድ በሩ አጠገብ የተቀመጡት አዴ ዲንቄ የሚባሉ ጎረቤታቸው ነበሩ። አንድ ልጃቸው ዓረብ አገር ሄዳ ወሬዋ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖ ነበር። እትዬ ደብዳቤውን ሊተረጉሙ ዞር ሲሉ ሴትዮዋ የነጠላቸውን ጫፍ ጨብጠው አፍ አፋቸውን ያያሉ።

«አልመለስም የሚለው ቃል አልወጣ አለኝ» አሉኝ። «ኒ ዱፍቲ አልኩ። ትመጣለች። ልጅቷ ቴሌቪዥኑ ላይ ታለቅሳለች፣ እኔ የደስታ ነው አልኳቸው።»

ሳሎኑ ውስጥ አማርኛ የሚሰሙም ነበሩ። አንዳቸውም አላረሟቸውም።

አዴ ዲንቄ እኔ ጎሬ በሄድኩ ጊዜም በሕይወት ነበሩ፣ ከእትዬ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ። ልጃቸው አልመጣችም። እትዬም ዲንቄ በሕይወት እያለች ትንፍሽ እንዳትይ፣ ግሩፑም ይሳቅብኝ፣ ምን አለበት፣ አሉኝ። ባለፈው ክረምት አዴ ዲንቄ ሲያርፉ አሁንስ ልጻፈው ብዬ ደወልኩ። እኔም ልለፍና ጻፊው አሉ።

ያን ጎሬ የሄድኩ ቀን ልሸኝሽ ብለው እስከ በሩ ሲወጡ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት በኔ ቃል ነው የጠበቀችው። እውነቱን ብነግራት ቁርጧን አውቃ አልቅሳ ይወጣላት ነበር። አንቺ ተምረሻል፣ ንገሪኝ እስቲ፣ ጥፋት ነው ወይ?»

እኔ በማግስቱ የሥራ ፈተና ነበረኝ። አይጨነቁ እትዬ ብዬ፣ ጉንጫቸውን ስሜ፣ ወደ ሚኒባሱ ሮጥኩ።

ግሩፑ ላይ «ተያዙ» ብዬ የጻፍኩትን ዛሬም አላጠፋሁትም። ይሄን ጽሑፍ ከሥሩ አስቀምጬዋለሁ። አብረን የሳቅን ሁሉ አብረን እናንብበው።

እትዬ፣ ጥያቄዎን ይዤ ነው የቀረሁት። አዴ ዲንቄ የጠበቁት ዓመት ብዛት ሲታሰበኝ ጥፋት አይደለም ብዬ አፌን ሞልቼ መናገር ያቅተኛል። ግን እዚያ ሳሎን ውስጥ የቆምኩት እኔ ብሆን፣ እናት አፍ አፌን እያየችኝ፣ እኔም ትመጣለች ነበር የምለው።

ይሄን በሩ ላይ ቆሜ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር። ይቅር ይበሉኝ። ደህና ይሁኑ፣ እናቴ።