የእንጆሪ ማሳው ረጅም ጸሎት

ይህ የደረሰብኝ ጀርመን በገባሁ በሦስተኛው ዓመት፣ በፈረንጆቹ 2012 የእንጆሪ ለቀማ ሰሞን ነው። ብዙ ጊዜ አልፎታል። ግን ምግብ ቀርቦ «እስቲ ጸልዪልን» በተባልኩ ቁጥር ትናንት የሆነ ያህል ይመጣብኛል። ሰው ይታዘበኛል ብዬ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። አሁን ግን ይውጣልኝ።

ያኔ ፍራንክፈርት ውስጥ ኖርድቬስትሽታት በሚባለው የፎቅ ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ልጄን ናርዶስን አዳማ እህቴ ዘንድ ትቻት ነው የመጣሁት። ስለያት አራት ዓመቷ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን በስልክ «እማዬ መቼ ነው የምትመጪው?» እያለች ታለቅስ ነበር። በኋላ ለቅሶውን ትታ «ደህና ነሽ ወይ?» ብቻ ማለት ጀመረች፣ ልክ እንደ ሩቅ ዘመድ። ከለቅሶዋ ይልቅ ያስፈራኝ ይሄ ነበር።

እሷን ለማምጣት የተጠየቅኩት ሁለት ነገር ነው፤ የሚበቃ ቤትና ቋሚ የሥራ ውል። ቤት የሚያከራዩትም መጀመሪያ የሚጠይቁት ያንኑ ውል ነው። እኔ ደግሞ እዚህም እዚያም የቀን ሥራ እንጂ ውል የሚባል ነገር አልነበረኝም።

ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ የፍራፍሬ እርሻ ለቃሚ ይፈለጋል ሲባል ሄድኩ። ባለቤቲቱን ሁላችንም «ሼፊን» ነበር የምንላት፣ አለቃችን ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን ሰብስባን ቁርጡን ነገረችን። እንጆሪው ሲያልቅ ሁላችንም እንሰናበታለን፤ ከሁሉ አብልጦ የለቀመ አንድ ሰው ብቻ ማሸጊያው አዳራሽ ውስጥ ቋሚ ውል ይሰጠዋል። ይህን ስሰማ ልቤ ዘለለ። እኔ ቲማቲም ስለቅም ያደግኩ የመቂ ልጅ ነኝ። ጎንበስ ብሎ መዋልን ማንም አያስተምረኝም።

ሂሩትን ወደዚያ ሥራ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ኒደርራድ ውስጥ እሁድ እሁድ አዳራሽ ተከራይተን የምናመልክ የጴንጤዎች ኅብረት ነበረን። ሂሩት ከጥገኝነት ጠያቂዎች መጠለያ ወጥታ የምታርፍበት ባጣች ጊዜ ወደ ኅብረቱ መጣች። ሁለት ወር እኔ ክፍል፣ እኔ ፍራሽ ላይ ተኛች። በዕድሜ ስለምበልጣት «እህት አልማዝ» ትለኝ ነበር። ጀርመንኛው ላይ እሷ ትበልጠኛለች፣ ደብዳቤ ሲመጣ የምታነብልኝም እሷ ነበረች። እንዲህ ተደጋግፈን ነበር የምንኖረው።

እርሻው ላይ አጠገብ ለአጠገብ መስመር ያዝን። እንጆሪው እንዳይፈርጥ ፍሬውን ሳይሆን አንገቱን በጥፍር መቁረጥ እንዳለባት አሳየኋት። የሞላው ሳጥን ላይ ሁሉም የራሱን ቁጥር ይሰካል። ቁጥሩ ለየሰው በብዛት በሚሰጥ፣ የልብስ መቆንጠጫ በሚመስል ፕላስቲክ ላይ ነው የተጻፈው። የእኔ ሠላሳ አንድ፣ የሂሩት ሠላሳ ሁለት። ሳጥኖቹን መስመሩ ጫፍ ላይ እንደረድራለን። ከምሳ በኋላ ትራክተር ይመጣና ቁጥሩ እየተመዘገበ ይጫናል።

ምሳችንን እዚያው ሳጥኖቹ አጠገብ እንበላ ነበር። የምጸልየው እኔ ነኝ። ጸሎቴ ረጅም ነው፤ በኅብረታችን ሳይቀር «እህት አልማዝ ከጀመረች ወጡ ይቀዘቅዛል» እያሉ ይቀልዱብኛል። ምን ላድርግ፣ የልጄን ነገር ሁሉ በስሙ ካልጠራሁ የጸለይኩ አይመስለኝም። ኤምባሲውን፣ ቤቱን፣ ውሉን፣ የጉሮሮዋን ሕመም፣ ሁሉንም። ዓይኔን ጨፍኜ፣ እጄን ዘርግቼ። ሂሩት ከጎኔ «አሜን፣ አሜን» ትላለች።

በየሳምንቱ አርብ ማን ስንት ሳጥን እንደለቀመ የሚያሳይ ወረቀት ይለጠፋል። በመጀመሪያው ሳምንት አንደኛ ነበርኩ። ሂሩት ከመጨረሻዎቹ ጋር ነበረች። በሁለተኛው ሳምንት እኔ አራተኛ፣ ሂሩት ሦስተኛ ሆነች። በሦስተኛው እኔ ስድስተኛ፣ እሷ ሁለተኛ። ስለቅም ሳጥን አልቆጥርም፣ ከቆጠርኩ እጄ ይዘገያል። ስለዚህ ጥፋቱን በራሴ ላይ ጣልኩት። ሰውነቴ ደከመ፣ አረጀሁ አልኩ። ሽንት ቤት መመላለሱ ጊዜ እንዳይፈጅብኝ ውኃ መጠጣት ሁሉ ቀነስኩ።

ሂሩት ወገቤን በቅባት እያሸች «ጾም አብዝተሻል እኮ፣ እህቴ» አለችኝ። «ሰውነትሽ ሌላ ምን ይሁን?»

እጇ ሞቅ ያለ ነበር። አመሰገንኳት።

ዶሮታ የምትባል ፖላንዳዊት ተማሪ ከእኛ ጋር ትለቅም ነበር። ቤት ንብረቷን በአንድ ትልቅ የጀርባ ሻንጣ ይዛ፣ የፍራፍሬ ወቅት እየተከተለች አገር ላገር የምትዞር ልጅ ናት። ማሳው ዳር ድንኳን ተክላ ታድራለች፣ ምሳዋን እሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ እኛን እያየች ትበላለች። በአራተኛው ሳምንት ማክሰኞ፣ ሥራ ስንጨርስ ብቻዬን ጠብቃ ያዘችኝ። ጀርመንኛዋ ከእኔ አይሻልም። ዓይኗን ጨፈነች፣ እጆቿን ዘረጋች፣ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። በጸሎቴ የምታፌዝ መስሎኝ ደሜ ፈላ። ቀጥላ አንድ ዓይኗን ገልጣ፣ በጣቶቿ ከሳጥን ላይ ቁጥር ነቅላ በቦታው ሌላ ስትሰካ አሳየችኝ። «ጓደኛሽ» አለች። «በየቀኑ። እኔ ነገ እሄዳለሁ። እወቂው ብዬ ነው።»

«አፍሽን ዝጊ!» አልኳት በአማርኛ። ይግባት አይግባት ግድም አልሰጠኝ። እምነት የሌላት ዘላን ልጅ በእህቴ ላይ ስትናገር ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ጥያት ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቃት የምፈልጋት ሰው ብትኖር ዶሮታ ናት። በማግስቱ ስንደርስ ድንኳኑ ተነቅሏል።

ምሳ ሰዓት ደረሰ። ዳቦውን ዘረጋን። ሂሩት በዚያ ለስላሳ ድምጿ «ዛሬ ስለ ናርዶስ ረዘም አድርገሽ ጸልዪ» አለችኝ።

ያኔ ነው የከነከነኝ። ይህን ቃል ከዚያ በፊትም ብላኝ ታውቃለች። ብዙ ቀን ብላኛለች።

ዓይኔን ጨፍኜ ጀመርኩ። «ጌታ ሆይ፣ ልጄን…» ስል ሂሩት «አሜን» አለች። ዓይኔን ገለጥኩ።

እጇ ሳጥኔ ላይ ነበር። ሠላሳ አንድን ነቅላ ሠላሳ ሁለትን ሰካች። አልቸኮለችም። ሽንኩርት እንደሚልጥ ሰው ተረጋግታ ወደሚቀጥለው ሳጥን አለፈች፣ በመካከሉም «አሜን» ማለቷን አላቋረጠችም። እኔም ክው ብዬ ቀርቼ አፌ ብቻውን መጸለዩን ቀጠለ። ስለ ልጄ እየለመንኩ፣ የልጄን መምጫ በዓይኔ ሥር ስትወስደው አየሁ።

ሦስተኛው ሳጥን ላይ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ትደነግጣለች፣ እግሬ ላይ ትወድቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«አንቺ ጠንካራ ነሽ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ሌላ ታገኛለሽ። እኔን ማን ይቀጥረኛል?»

«ልጄስ?» አልኳት።

ዳቦዋን ቆርሳ መብላት ጀመረች።

ወደ ሼፊን ሮጥኩ። በተሰባበረ ጀርመንኛዬ፣ እጄን እያወናጨፍኩ ተናገርኩ። ሂሩትን አስጠራቻት። ሂሩት በዚያ በሚያምር ጀርመንኛዋ፣ በጣም እንደደከመኝ፣ ልጄ ናፍቃኝ እንደተጨነቅኩ፣ እንደማይፈረድብኝ አስረዳች። ይባስ ብሎ ትከሻዬን አቀፈችኝ። ምስክሬ ሻንጣዋን አዝላ ሄዳለች። ሼፊን «እኔ የማውቀው የተመዘገበውን ቁጥር ነው» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አርብ የመጨረሻው ወረቀት ተለጠፈ። ሂሩት አንደኛ። ውሉን እዚያው ፈረመች።

ይህ ሁሉ ሆኖ እሁድ ጸሎት ሄድኩ። ምናልባት ታለቅሳለች፣ ምናልባት ትመጣና «በድዬሻለሁ» ትለኛለች ብዬ ነው። ምስክርነት ያለው ሲባል ሂሩት ተነሳች። ማይክሮፎኑን ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ጌታ በባዕድ አገር የሥራ በር እንደከፈተላት ተናገረች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ይህ ሁሉ የእህት አልማዝ ጸሎት ነው!» አለች። «በየቀኑ ማሳው ላይ ስትጸልይ ነበር።»

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፣ አንዲት እናት እጄን ያዙኝ። እኔም ፈገግ አልኩ። ተነስቼ «ውሸት ነው!» ማለት ነበረብኝ፣ ግን ፈገግ አልኩ። ከተሰረቁት ሳጥኖች ሁሉ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ፈገግታዬ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ያንን አዳራሽ እግሬ አልረገጠውም።

ናርዶስ የመጣችው ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ እኔ አየር ማረፊያው ውስጥ በጽዳት ሥራ ቋሚ ከሆንኩ በኋላ ነው። የፊት ጥርሶቿ ተነቅለው አዲስ በቅለው፣ ቁመቷ ደረቴ ደርሶ ነው የተቀበልኳት። በመጀመሪያው ቀን «አንቺ» ለማለት አፍራ «እርስዎ» አለችኝ። ሂሩት እነዚያን ሁለት ዓመታት ከየት አምጥታ ትመልስልኛለች? ይቅር በይ የሚሉኝ አሉ። አላልኩም። ብያለሁ ብል እዋሻለሁ። ብትጠይቀኝ ኖሮ ግማሹን ሳጥኔን እሰጣት ነበር። ውሉን ግን አልሰጣትም ነበር፣ ይህንንም አልደብቅም።

አሁን ናርዶስ ትልቅ ልጅ ናት። አማርኛ ሳናግራት በጀርመንኛ ትመልስልኛለች፣ ጸሎት ላይ ግን በአማርኛ «አሜን» ትላለች። በቅርቡ እራት ቀርቦ ሳለ ዓይኗን ከፈት አድርጋ አየችኝ።

«ማማ፣ ቫሩም?» አለችኝ፤ ለምን ማለቷ ነው። «አንቺ ለምን ዓይንሽን አትጨፍኚም?»

«አንቺን ማየት ደስ ስለሚለኝ ነው» አልኳት። ሳቀችና መልሳ ጨፈነች።

ውሸቴን ነው። የማየው እጇን ነው። ከሳህኗ አጠገብ ዝም ብሎ ተቀምጧል። የገዛ ልጄ እጅ መሆኑን አውቃለሁ፣ ምንም እንደማያነሳብኝም አውቃለሁ። ግን «አሜን» እስክንል ድረስ ዓይኔን ከእሱ ላይ መንቀል አልቻልኩም።